የቀበሌያችሁን ምንጭ ከዓይኑ እስከ ኩባያው ንጹህ ለማድረግ፦ ዝርዝር መመሪያ

ገጠር ዘመድ ያለው ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ክረምት ሲገባ የልጆች ሆድ ይበላሻል። አንዱ ታይፎይድ ነው ይላል፣ ሌላው አሜባ ነው ይላል፣ ጤና ጣቢያ ተሂዶ ኪኒን ተይዞ ይመጣል፣ ልጁ ይሻለዋል፣ ከዚያ ያንኑ ውሃ ጠጥቶ በወሩ ተመልሶ ይተኛል። ለኪኒንና ለመኪና በየዓመቱ የሚወጣውን ብር የሰፈሩ ሰው ቁጭ ብሎ ቢደምረው ይደነግጣል።

ይህ መመሪያ ካልተከለለ ምንጭ ለሚጠጡ የደጋና የወይና ደጋ ቀበሌዎች ነው። ከ50 እስከ 150 አባወራ የሚቀዳበት ምንጭ በሐሳባችሁ ያዙ። የምትጠጡት የእጅ ፓምፕ ካለው ጉድጓድ ከሆነ የግንባታውን ክፍል ዝለሉት፣ ሌላው ለእናንተም ይሆናል። ከተማ ተቀምጣችሁ፣ ወይም ዋሽንግተንና ዱባይ ሆናችሁ ለትውልድ ቀያችሁ ብር የምታሰባስቡም አንብቡት፤ ብሩ ምን ላይ መዋል እንዳለበት ታውቃላችሁ።

ብዙ ቡድን ሥራውን ከሲሚንቶ ይጀምራል። እኔ የምለው ሌላ ነው። ቆሻሻው በየት በኩል እንደሚገባ ሳታውቁ አንድ ኩንታል እንኳ አትግዙ።

1. ምንጩን ዙሩት

ደብተር ያዙ። የቀበሌውን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ጥሩ፣ በየቀኑ ውሃ የሚቀዱ ሁለት ሦስት ሴቶችም አብረው ይምጡ፤ ከሊቀመንበሩ ይልቅ ምንጩን የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ከዚያ ዙሪያውን እየዞራችሁ እነዚህን ጥያቄዎች "አዎ" ወይም "የለም" እያላችሁ መልሱ።

የምንጩ ዓይን ክፍት ነው? ከብት ከዚያው ይጠጣል? አጥር የለውም? ሰው እግሩን ነክሮ ይቀዳል? ጣሳ ወይም ጄሪካን ውሃው ውስጥ ይጠልቃል? ከምንጩ በላይ በኩል በ30 ሜትር ውስጥ ሽንት ቤት አለ? የከብት በረት ወይም የፍግ ክምርስ? ዝናብ ሲዘንብ ጎርፍ ወደ ዓይኑ ይወርዳል? ዙሪያው ውሃ አቁሮ ጭቃ ሆኗል? ከዘነበ በኋላ ውሃው ይደፈርሳል?

እያንዳንዱ "አዎ" አንድ ነጥብ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በዚሁ መንገድ አሥር ጥያቄ ያለው ቅጽ ያሠራል። እስከ 2 ከሆነ አደጋው ዝቅተኛ ነው፣ ከ3 እስከ 5 መካከለኛ፣ ከ6 እስከ 8 ከፍተኛ፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ ውሃውን አክሙ። ቀላል ይመስላል፣ ግን ከብዙ ዘመናዊ ምርመራ ይበልጣል፤ ላብራቶሪው ውሃው መበከሉን ነው የሚነግራችሁ፣ ይህ ግን በየት በኩል እንደተበከለ ያሳያችኋል።

የመጨረሻውን ጥያቄ በተለይ አትለፉት። ዘንቦ በጥቂት ሰዓት ውስጥ የሚደፈርስ ምንጭ ከላይ የሚወርደው ጎርፍ እየተቀላቀለበት ነው። ዝናብም ሆነ በጋ ጥርት ብሎ የሚፈስ ከሆነ ከጥልቅ የሚመጣ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፣ ሥራችሁም ይቀላል።

ዙራችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ አንድ ጄሪካን ተከተሉ። ከምንጩ ጀምሮ በመንገድ፣ በቤት፣ እስከ ኩባያ። ክዳኑ ጠፍቶ በቆረቆንዳ ወይም በፌስታል የተወተፈ ጄሪካን ታያላችሁ። ቤት ሲደርስ ወደ እንስራ ይገለበጣል፣ ከእንስራው በጣሳ ይቀዳል፣ ጣሳውን የያዘው እጅ ደግሞ አሁን አመድ ሲዝቅ የነበረ ወይም ሕፃን ሲያጥብ የነበረ እጅ ነው። ይህን ሁሉ ጻፉት። በኋላ ይጠቅማችኋል።

2. መሬቱ የማን ነው?

ይህ ጥያቄ ሳይመለስ የተጀመረ ሥራ ብዙ ጊዜ በክርክር ነው የሚያልቀው። ምንጩ ያለበት ማሳ የአንድ ገበሬ ይዞታ ከሆነ፣ አጥሩና ቦዩ ከእርሻው ይቆርሱበታል። ስለዚህ መጀመሪያ ሽማግሌ ልካችሁ አነጋግሩት። ከዚያ በቀበሌው የመሬት አስተዳደር በኩል ስምምነቱን በጽሑፍ አድርጉት፤ ስንት ሜትር በስንት ሜትር እንደተሰጠ፣ እሱ በምትኩ ምን እንደሚያገኝ። ትርፍ ውሃው ወደ እሱ ማሳ ቢለቀቅለት ወይም ከብቶቹ የሚጠጡበት ገንዳ በአጠገቡ ቢሠራ አብዛኛው ሰው አይጠላም።

ከታች በኩል በመስኖ የሚጠቀሙ ካሉም ጥሩአቸው። የውሃ አባት (የመስኖ ውሃ የሚያከፋፍል ኃላፊ) ባለበት አገር የውሃ አባቱን ሳታማክሩ ቧንቧ መቅበር ጠብ መግዛት ነው። እነሱ የሚፈሩት ውሃው ሁሉ ተጠልፎ እንዳይቀርባቸው ነው፤ በቀን ስንት ጄሪካን እንደሚቀዳና ምን ያህል እንደሚተርፍ በቁጥር ብታሳዩአቸው ይረጋጋሉ። ቁጥሩን ደግሞ ቀጥለን እናወጣዋለን።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ምንጩ ጠበል ከሆነ ወይም ጠበሉ ቅርብ ከሆነ ከደብሩ አስተዳዳሪ ጋር ሳትነጋገሩ ክሎሪን የሚባል ቃል አታንሱ። ጠበሉን ማንም እንዲነካ የሚፈቅድ የለም፣ መፍቀድም የለበትም። ዙሪያውን ማጠር፣ ጎርፉን ማስቀየስ፣ ለመጠጥ የሚሆነውን ከሌላ ዓይን መውሰድ ግን ሁሉም የሚስማማበት ነው። እንዲያውም አጥር በማጠርና ዛፍ በመትከል ከካህናቱ የተሻለ አጋር አታገኙም።

3. ውሃውን ለኩ

የሚያስፈልጋችሁ 20 ሊትር ጄሪካንና ሰዓት ያለው ስልክ ነው። ውሃውን በጭቃና በድንጋይ ሰብስባችሁ በአንድ ቁራጭ ቧንቧ እንዲወርድ አድርጉ፣ ከዚያ ጄሪካኑ በስንት ሴኮንድ እንደሚሞላ ቁጠሩ። ሦስት ጊዜ ለክታችሁ አማካዩን ውሰዱ።

በ40 ሴኮንድ ሞላ እንበል። ይህ በሴኮንድ ግማሽ ሊትር ነው፣ በ24 ሰዓት 43,200 ሊትር ይሆናል። በሁለተኛው የእድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ለገጠር የተቀመጠው ልክ በአንድ ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ነበር። በዚህ ካሰላችሁት ምንጩ ለ1,728 ሰው ይበቃል ማለት ነው። ግን አትቸኩሉ፤ ሌሊት የሚፈሰውን የሚያጠራቅም ታንከር ከሌላችሁ ግማሹ እንዲሁ ይሄዳል። ሰው ደግሞ የሚቀዳው ጠዋትና ማታ ተደራርቦ ነው። ማጠራቀሚያ መሥራት ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም የሚለውን የሚወስነው ይህ ስሌት እንጂ የመሐንዲስ ስሜት አይደለም።

መቼ ነው የሚለካው? በበጋው መጨረሻ፣ ምንጩ በጣም በሚቀንስበት ጊዜ፤ ብዙ ቦታ ሚያዝያና ግንቦት ነው። በመስከረም የተለካ ምንጭ ሁልጊዜ ሀብታም ነው። በመስከረም ለክቶ አራት ቦኖ የተከለ ቀበሌ ፋሲካ ሲደርስ አንዱም ቦኖ አይወርድለትም።

4. አስመርምሩ፤ በተለይ ስምጥ ሸለቆ ከሆናችሁ

ምርመራው ሁለት ዓይነት ነው፣ የጀርምና የኬሚካል።

የኬሚካሉን ከግንባታ በፊት አንድ ጊዜ አሠሩ። ዝዋይ፣ መቂ፣ ዓለም ጤና፣ ወንጂ አካባቢ ያላችሁ ፍሎራይድ የሚባለውን ታውቁታላችሁ፤ ጥርስን የሚያበልዘው እሱ ነው፣ ሲበዛና ዓመታት ሲቆይ አጥንትንም ያጎብጣል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚፈቅደው በሊትር እስከ 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ፍሎራይድን ማፍላት አያጠፋውም፤ ውሃው ሲተን የቀረው እንዲያውም ይበረታል። ክሎሪንም አይነካውም። ስለዚህ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ከወጣ ያን ውሃ አትገንቡት፤ ሌላ ምንጭ ፈልጉ፣ ካጣችሁም ፍሎራይድ የሚቀንስ ማጣሪያ እንደሚያስፈልግ ከወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ጋር ተነጋገሩ። የሰፈሩ ልጆች ጥርስ ቡናማ ከሆነ ላብራቶሪ ሳትሄዱም ፍንጩ በእጃችሁ ነው።

የጀርሙን ምርመራ የዞን ወይም የከተማ ውሃ አገልግሎት ላብራቶሪ፣ የክልል የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ወይም አቅራቢያ ያለ ዩኒቨርሲቲ ይሠራዋል። የሚፈለገው ውጤት በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ አንድም ኢ-ኮላይ (ውሃው በዓይነ ምድር መበከሉን የሚያሳይ ጀርም) አለመገኘቱ ነው። ጠርሙሱን ከራሳቸው ከላብራቶሪው ውሰዱ፣ አፉን በእጅ አትንኩ፣ በበረዶ ሳጥን አድርጋችሁ ቢቻል በ6 ሰዓት ውስጥ፣ ቢዘገይ ቢዘገይ በ24 ሰዓት ውስጥ አድርሱት። በሃይላንድ ጠርሙስ ተቀድቶ በአውቶቡስ ሁለት ቀን የተንከራተተ ናሙና ውጤቱ ስለጠርሙሱ እንጂ ስለምንጩ አይነግራችሁም።

ለክትትል የሚሆን ርካሽ ዘዴም አለ። የሚጠቁር ወረቀት ያለበት ትንሽ ጠርሙስ ነው፤ ውሃ ጨምራችሁ ሞቅ ያለ ቦታ ታስቀምጡታላችሁ፣ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ከጠቆረ ውሃው በሰው ወይም በእንስሳት ዓይነ ምድር መበከሉን ይጠቁማል። መቶ በመቶ አይደለም። ሆኖም ጥቁሩን ጠርሙስ በስብሰባ ላይ ከፍ አድርጎ ማሳየት ከአንድ ሰዓት ንግግር ይበልጣል። እናቶች አይተውት ዝም አይሉም።

5. ግንባታው

ጥሩ ግንበኛና የወረዳው ውሃ ባለሙያ ያስፈልጋችኋል፤ ይህ ጽሑፍ እነሱን አይተካም። ግን የሚሠሩትን እያያችሁ "ይህ ለምን ሆነ?" ማለት እንድትችሉ ዋና ዋናውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ውሃው ከአለት ወይም ከጠንካራ ሸክላ አፈር እስከሚወጣበት ድረስ ወደ ውስጥ ይቆፈራል። በቀስታ። ከሥር ያለውን ውሃ የማያሳልፍ ንጣፍ የበሳችሁት እንደሆነ ውሃው ወደ ታች ይሰምጥና ምንጩ ይጠፋል። ፈንጂማ በጭራሽ።

ከዓይኑ ፊት ታጥቦ የጸዳ ድንጋይና ጠጠር ይደረደራል፣ ትልልቁ ወደ ዓይኑ፣ ደቃቁ ወደ ላይ። ከዚያ የግንብ መያዣ፣ ማለትም የምንጩ ሣጥን፣ ይሠራል። ከጠጠሩ በላይ ወፍራም ፕላስቲክ ወይም በደንብ የተረገጠ ሸክላ ጭቃ ይደረባል፣ በላዩ አፈር ይለብሳል፣ ሣር ይተከላል። የዝናብ ውሃ በቀጥታ እንዳይሰርግ የሚከለክለው ይህ ንብርብር ነው። በቅርቡ ተገንብቶ ክረምት ላይ የሚደፈርስ ምንጭ ካያችሁ አብዛኛውን ጊዜ የተዘለለው ሥራ ይህ ነው፣ ምክንያቱም ከውጭ አይታይምና።

አሁን የምነግራችሁን አስምሩበት። የትርፍ ውሃ መውጫው ቧንቧ ከምንጩ ዓይን ዝቅ ብሎ መቀመጥ አለበት። አንዳንዱ ግንበኛ ብዙ ውሃ ይጠራቀም ብሎ መውጫውን ከፍ ያደርገዋል፣ ውሃው በግንቡ ውስጥ ከዓይኑ በላይ ይቆማል፣ ከዚያ ምንጩ ተገፍቶ ሌላ መንገድ ይፈልጋል፤ ከተራራው በሌላ ጎን ይወጣል ወይም እስከነጭራሹ ይጠፋል። ለማጠራቀም ካሰባችሁ ማጠራቀሚያው ከዓይኑ ራቅ ብሎ ዝቅ ያለ ቦታ ለብቻው ይሠራ።

ሌላው በአጭሩ። ወደ ቦኖ የሚሄደው ቧንቧ ከሣጥኑ ወለል ከፍ ብሎ ይግባ፣ ዝቃጭ እንዳይስብ። ለማጠቢያ የሚሆን መውጫ ከወለሉ ጋር እኩል ይሁን። ትርፍ መውጫው አፉ ላይ እንቁራሪትና አይጥ የማያስገባ ወንፊት ይኑረው። ክዳኑ ከባድና የሚቆለፍ፣ ጠርዙም ውሃ የማያስገባ ይሁን። ልስኑን ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ውሃ አጠጡት፣ ሥራው አልቋል ብሎ ወዲያው መተው መሰንጠቅ ያመጣል።

ከዓይኑ በላይ በኩል አሥር ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ጎርፍ የሚያስቀይስ ቦይ ይቆፈራል፣ ዙሪያው ይታጠራል። የከብት ገንዳ የግድ ይሠራ፣ ከቦኖው በታች፣ በትርፉ ውሃ የሚሞላ። ገንዳ ከሌለ ከብቱ አጥሩን ይሰብራል፤ ጥፋቱ የእረኛው አይደለም፣ የንድፉ ነው።

በአጥሩ ውስጥ ባህር ዛፍ አትትከሉ። ውሃ ይስባል። ቬቲቨር ሳር፣ ቀርከሃ፣ ግራዋ፣ ሾላ ይሻላል። ከዚያ ከፍ ብሎ ያለው ተዳፋት እርከን ከተሠራበት ምንጩ በበጋ ይበልጥ ይቆያል፤ በጥርና በየካቲት የሚወጣውን የተፋሰስ ሥራ ዘመቻ ከምንጩ በላይ ያለው ተራራ ላይ እንዲውል ቀበሌውን ጠይቁ። ጉልበቱ እንደሆነ ያው ወጥቷል።

6. በክሎሪን ማጠብ

ግንባታው ሲያልቅና ከዚያ በኋላም ማጠራቀሚያው በተከፈተ ወይም በተጠገነ ቁጥር ይታጠባል። የማጠራቀሚያውን ውስጥ በብሩሽ ፈትጋችሁ ጭቃውን አስወጡ። ከዚያ በውሃ ሙሉትና ለእያንዳንዱ 1,000 ሊትር አንድ ሊትር 5 በመቶ የሆነ በረኪና ጨምሩ። ይህ በሊትር 50 ሚሊ ግራም ይሰጣችኋል። በረኪናው ተራ፣ ሽታና ሳሙና ያልተጨመረበት ይሁን። 70 በመቶ የሆነ የክሎሪን ዱቄት ካገኛችሁ ለ1,000 ሊትር 70 ግራም ያህል ይበቃል። ዱቄቱን ወደ ውሃ ጨምሩ እንጂ ውሃ ወደ ዱቄቱ አታፍስሱ፤ ጓንት አድርጉ፣ ነፋስ ባለበት ሥሩ፣ ከሌላ የጽዳት ኬሚካል ጋር አትቀላቅሉት።

ቦኖዎቹን አንድ በአንድ ክፈቱ፣ ክሎሪን ክሎሪን ሲሸት ዝጉ። 24 ሰዓት ይቆይ። በዚያ ቀን ማንም እንዳይቀዳ ሰው አቁሙ፤ ከዋዜማው ጀምሮ በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድና በዕድር አስነግሩ፣ ሰው ቀድሞ ይቅዳ። ከዚያ ሁሉን አስወጡ፣ ግን ወደ ከብት ገንዳና ወደ ወንዝ አትልቀቁት። ሽታው እስኪጠፋ አጥባችሁ ክፈቱ።

የምንጩን ሣጥን ራሱን እንዲህ መሙላት አይቻልም፣ ምክንያቱም ውሃው አይቆምም። ግድግዳውን በክሎሪን ውሃ ፈትጉት፣ ያ ይበቃል።

7. ኮሚቴና ገንዘብ

ግንቡ በሦስት ወር ያልቃል፣ ኮሚቴው ግን ሃያ ዓመት መቆየት አለበት። ብዙ የተገነቡ ምንጮች የቆሙት ሲሚንቶው ስለተሰነጠቀ ሳይሆን የሁለት መቶ ብር መክፈቻ የሚገዛ ጠፍቶ ነው።

አምስት ወይም ሰባት ሰው ይመረጥ፣ ቢያንስ ግማሹ ሴት ይሁን፤ ለስሙ ሳይሆን ገንዘብ ያዥዋ ሴት ትሁን። ውሃ ሲቆም የምትሰቃየው እሷ ስለሆነች ብሩን ለሌላ ነገር አታበድርም። ሁለት ሰው ፊርማ ያለው የቁጠባ ደብተር ክፈቱ። የቀበሌው ሊቀመንበር የኮሚቴው ሰብሳቢ ባይሆን እመርጣለሁ፤ ሥራ ይበዛበታል፣ ከቦታው ሲነሳም ሰነዱ አብሮት ይጠፋል።

ኅብረተሰቡ ራሱ ገንዘቡን ይዞ ራሱ የሚያስገነባበት አሠራር አዲስ ፈጠራ አይደለም። በአማራ ክልል በፊንላንድ መንግሥት ድጋፍ በተሠሩት ፕሮግራሞች የግንባታው ብር ዛሬ ጸደይ ባንክ በሆነው በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም (አብቁተ) በኩል በቀጥታ ለውሃ ኮሚቴው ይገባ ነበር። ኮሚቴው ሲሚንቶ ይገዛል፣ ግንበኛ ይቀጥራል፣ ወረዳው ይቆጣጠራል። ከውጭ ብር የምትልኩ ወገኖችም ይህን መንገድ ብትከተሉ ይሻላል፤ ብሩ በአንድ ዘመድ ስም አይግባ፣ ዘመዱ የቱንም ያህል ታማኝ ቢሆን ሐሜቱ አይቀርለትም።

መዋጮው ከግንባታው በፊት ይጀምር። 80 አባወራ በወር 20 ብር ቢያዋጣ በዓመት 19,200 ብር ነው። ከዚህ ላይ ለቦኖ ጠባቂ፣ ለመክፈቻና ለጎማ፣ ለክሎሪን ይወጣል፣ የቀረው ይቀመጣል። መሰብሰቡን በዕድር ቀን ብታደርጉት ለብቻው ስብሰባ መጥራት አያስፈልግም። መክፈል የማይችሉ አቅመ ደካሞችን በስም ለይታችሁ ነጻ አድርጉ። ገቢና ወጪው በየሦስት ወሩ በሕዝብ ፊት ይነበብ፤ ተነቦ ማንም ያልጠየቀ እንደሆነ እንኳ ይነበብ።

ለጉልበት ሥራው ደቦ አለ፣ ወንፈል አለ። ድንጋይና አሸዋ ማቅረብ፣ ቦይ መቆፈር፣ ማጠር በዚያ ያልቃል። የመጣውንና ያልመጣውን መዝግቡ። ጠላና ቆሎ ሳይቀርብ ደቦ የለም፣ ይህንም በጀት ውስጥ አስገቡት።

8. ከቦኖ እስከ ኩባያ

እዚህ ላይ ነው አብዛኛው ሰው የሚደክመው። ምንጩ ጸድቶም ተቅማጡ ካልቀነሰ ችግሩ ያለው እዚህ ነው።

ጄሪካኑን በሳምንት አንዴ በሳሙናና በጥቂት ጠጠር እያንቀጠቀጣችሁ እጠቡት። ውስጡ አረንጓዴ የሆነ ጄሪካን ንጹህ ውሃ አይሸከምም። ክዳን ግዙለት። ከእንስራ በጣሳ ከመጥለቅ ይልቅ ውሃው ይገልበጥ፣ ወይም ረጅም እጀታ ያለው ጭልፋ ለዚሁ ብቻ ይቀመጥ። ቧንቧ ያለው ባልዲ ከሁሉም ይሻላል። እንስራን በወይራ ማጠን ጥሩ ጠረን ይሰጣል፣ እኔም እወደዋለሁ፣ ጀርም ያጠፋል ማለት ግን አይደለም።

ምንጩ እስኪሠራ ወይም ክረምት ላይ ውሃውን ቤት ውስጥ ማከም ያስፈልጋል። ከደፈረሰ መጀመሪያ አስቀምጣችሁ ዝቃጩ እስኪሰፍር ጠብቁ፣ በተደራረበ ንጹህ ነጠላም አጥልሉት። ከዚያ ሦስት ምርጫ አለ።

እንደ ውሃ አጋር ያለ ለመጠጥ የተዘጋጀ ክሎሪን ካገኛችሁ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ልክ ተከትላችሁ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ሰው "ይሸታል" ይላል። ማታ ጨምራችሁ ጠዋት ብትጠጡት ሽታው ይቀንሳል። በኩባያው ላይ በሊትር ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊ ግራም ክሎሪን ከቀረ ልኩ ነው፤ ጤና ኬላው የሚለካበት ኪኒን ካለው ውሃው ፈዘዝ ያለ ሮዝ ሲሆን ታዩታላችሁ።

ማፍላት ሁለተኛው ነው። እየተንተከተከ አንድ ደቂቃ ይበቃል ሲባል ሰምታችኋል። ከባሕር ወለል 2,000 ሜትር በላይ ለምንኖረው ግን ሦስት ደቂቃ ነው፣ ምክንያቱም ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው ባነሰ ሙቀት ነው። አዲስ አበባ፣ ደብረ ብርሃን፣ ደሴ፣ ደብረ ማርቆስ ሁሉም ከዚያ በላይ ናቸው። የማገዶው ነገር ግን አስቡበት፤ እንጨት ለቅሞ የሚያመጣው ማን እንደሆነ ይታወቃል።

ሦስተኛው ፀሐይ ነው። ጥርት ያለ ውሃ በላስቲክ ጠርሙስ፣ ስያሜው ተልጦ፣ ቆርቆሮ ላይ ተኝቶ ስድስት ሰዓት፤ ደመና ከሆነ ሁለት ቀን። ነጻ ነው። ለትልቅ ቤተሰብ አይበቃም፣ ለሕፃናት ግን ይሆናል።

9. ሽንት ቤትና እጅ

ምንጩን አጥራችሁ ሜዳ ላይ መጸዳዳት ከቀጠለ ዝንቡም ጎርፉም ሥራውን ይሠራል። እያንዳንዱ ቤት ክዳን ያለው ሽንት ቤት ይቆፍር፣ ከምንጭና ከጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ፣ ከተቻለ በታች በኩል። በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲጀመር ከዋናዎቹ ትምህርቶች አንዱ ይኸው ነበር፤ ብዙ ቤት ቆፍሯል፣ ጥቂት ቤት ነው በሚገባ የሚጠቀምበት። ለቁጥር የተቆፈረ ሽንት ቤት መንገዱ ሣር በቅሎበት ታዩታላችሁ።

ከበሩ አጠገብ ትንሽ ጄሪካን በገመድ ተንጠልጥሎ፣ በእግር የሚረገጥ እንጨት ታስሮለት፣ ሳሙና ወይም አመድ ቢቀመጥ እጅ መታጠብ ይለመዳል። ልጆች ጨዋታ ያደርጉታል፣ ጥሩ ነው። ፊታቸውንም እዚያው ይታጠቡ፤ ትራኮማ የሚተላለፈው የዓይን አርና ዝንብ ባለበት ፊት ነው።

10. አተት ከመጣ

እንደ ሩዝ ውሃ የነጣ ተቅማጥና ትውከት በድንገት ካያችሁ በዚያው ሰዓት ለጤና ኬላው ንገሩ። ማፈር አያስፈልግም፣ ቀበሌው ስሙ ይጠፋል ብሎ መደበቅ ሰው ይገድላል። በሽተኛው ወደ ጤና ተቋም እስኪደርስ ኦአርኤስ አጠጡት። ከሌለ በአንድ ሊትር ንጹህ ውሃ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፤ ጨውን አታብዙ። መጠጣቱ በመንገድም አይቋረጥ። የሰፈሩ ውሃ ሁሉ በዚያን ቀን በክሎሪን ይታከም፣ ኀዘን ቤትና ሠርግ ላይ የሚቀርበው ውሃም ጭምር።

11. ከዚያ በኋላ

የቦኖ ጠባቂው በየቀኑ ይጥረግ፣ የረጋ ውሃ ያስወጣ። በየወሩ ኮሚቴው በደብተሩ ላይ የጄሪካኑን ሴኮንድ ይጻፍ፣ ከዘነበ በኋላ ደፈረሰ ወይስ አልደፈረሰም የሚለውን ይጨምር። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ከክረምት በፊትና በኋላ፣ የመጀመሪያዎቹን አሥር ጥያቄዎች ደግማችሁ መልሱ። ከጤና ኬላው ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ተቅማጥ ስንት እንደሆነ በየወሩ ጠይቁ፤ የማንንም ስም ሳይሆን ቁጥሩን ብቻ።

ቁጥሩ ከፍ ካለ ወይም ወረቀቱ ከጠቆረ አትደናገጡ፣ ሁሉንም እንደገና አትቆፍሩ። ከኩባያው ጀምራችሁ ወደ ኋላ ሂዱ። አንድ ጠርሙስ ከቤት ኩባያ፣ አንድ ከጄሪካን፣ አንድ ከቦኖ፣ አንድ ከማጠራቀሚያ፣ አንድ ከዓይኑ ቅዱ። ኩባያው ጠቁሮ ቦኖው ንጹህ ከሆነ ሥራው የቤት ነው፣ ወደ ስምንተኛው ተመለሱ። ቦኖው ጠቁሮ ማጠራቀሚያው ንጹህ ከሆነ መስመሩ የሆነ ቦታ ተሰብሯል፣ በመስመሩ እየሄዳችሁ እርጥብ መሬት ፈልጉ። ማጠራቀሚያው ጠቁሮ ዓይኑ ንጹህ ከሆነ ክዳኑንና ወንፊቱን እዩ፣ ከዚያ በክሎሪን እጠቡት። ዓይኑ ራሱ ከጠቆረ ደግሞ ወደ ላይ ውጡ፤ አዲስ በረት፣ አዲስ ሽንት ቤት ወይም የተደፈነ ቦይ እዚያ ይጠብቃችኋል።